ከሕንጻው ጀርባ ያለው ጓሮ፦ የነታኒያን የተሸሸጉ የአትክልት ቦታዎች ለመጎብኘት

የእስራኤሏ ከተማ የነታኒያ ካርታ አረንጓዴ ቀለም ቀብቶ የሚያሳያቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ ከባሕሩ በላይ በገደሉ ጫፍ የተዘረጋው የመናፈሻ መንገድ፣ በደቡብ በኩል ከጥር እስከ መጋቢት ወይን ጠጅ አበባ የሚፈነዳበት የአይሪስ ጥብቅ ስፍራ፣ ዝናብ ሲጥል ሞልቶ በሙቀቱ ወራት የሚደርቀው የዶራ ኩሬ። ማንም ገብቶ ይወጣባቸዋል። ካርታው የማያሳየው ሌላ አረንጓዴ ግን አለ። በኪርያት ኖርዳው፣ በሔፍጺባ፣ በአዞሪም፣ በዶራ፣ ከድሮዎቹ ባለ ሦስትና ባለ አራት ፎቅ ሕንጻዎች ጀርባ፣ በጋዝ ሲሊንደሩና በአጥሩ መካከል ባለችው ጠባብ መሬት ላይ ጤና አዳሙ፣ በሶብላው፣ ጎመኑና ቃሪያው ተደባልቆ ይበቅላል። ባለቤት አለው፤ በር አለው፤ «ግቡ» የሚል ጽሑፍ ግን የለውም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው እነዚያን ጓሮዎች በክብር ገብቶ ማየት ለሚፈልግ ሰው ነው፤ ከሌላ ከተማ ዘመድ ሊጠይቅ ለመጣ፣ ከአዲስ አበባ ለጉብኝት ለደረሰ፣ ወይም እዚያው ነታኒያ ተወልዶ አድጎ የጎረቤቱን ጓሮ አንድ ቀን እንኳ ላላየ ወጣት።

ጓሮው ለምን እዚህ እንደበዛ ማወቅ ለጎብኚው ይጠቅማል። ነታኒያ እ.ኤ.አ. በ1929 ስትቆረቆር ሐሳቡ ብርቱካን ማልማት ነበር። ሐምራ የሚሉት የሻሮን ሜዳ ቀይ አሸዋማ አፈር ለብርቱካንና ለሎሚ የተመቸ ነው። ስሟንም የወሰደችው ከአሜሪካዊው ነጋዴና በጎ አድራጊ ከናታን ስትራውስ ነው። በኋላ የአልማዝ ሥራው ሲመጣ፣ አገሩ ነጻ ወጥቶ መጤው ሲበዛ፣ የብርቱካን እርሻው ለመኖሪያ ሕንጻ ቦታውን እየለቀቀ ሄደ። አፈሩ ግን ያው አፈር ነው። ከዚያ ከጎንደርና ከትግራይ የመጣው ሰው ደረሰ፤ ገሚሱ በዘመቻ ሙሴ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985፣ ገሚሱ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ባጓጓዘው ዘመቻ ሰሎሞን፣ ሌላውም ከዚያ ወዲህ። ዛሬ የኢትዮጵያ ትውልድ ያለው ነዋሪ በቁጥር ከማንኛውም የእስራኤል ከተማ የሚበዛው በነታኒያ ነው፤ ከአሥር ሺህ በላይ ሰው ማለት ነው። አብዛኞቹ አዛውንቶች ገበሬዎች ነበሩ። ፎቅ ላይ ቤት ቢሰጣቸው ዓይናቸው መሬት ፈለገ።

አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። በወገራ፣ በስሜን፣ በአምቦበርና በወለቃ የኖረው ቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ከዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ርስት እንደተነፈገ ይተረካል። የሰው መሬት እያረሰ፣ ከምርቱ ለባለ ርስቱ እየከፈለ፣ ብረት እየቀጠቀጠና ሸክላ እየሠራ ነው ዘመኑን የገፋው። የገጠር መሬት አዋጅ በ1967 ዓ.ም. ወጥቶ ገበሬው የሚያርሰውን መሬት መያዝ ሲችል፣ እርሱም ይዞታ አገኘ፤ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ግን ብዙው ጥሎት በሱዳን በኩል ወጣ። ስለዚህ አንዲት እናት ከሕንጻ ጀርባ አራት እርምጃ የምታህል መሬት አጥረው ጎመን ሲተክሉ፣ የሚያዩት ነገር ጎመን ብቻ እንዳልሆነ ጎብኚው ልብ ይበል። በዚያ መሬት ላይ በግዴለሽነት መርገጥ ነውር ነው።

መጀመሪያ፣ መሬቱ የማን እንደሆነ ይወቁ

ከሕንጻ ጀርባ ያለ መሬት ሁሉ የአንድ ሰው አይደለም። አንዳንዱ የምድር ቤት አፓርታማ ከነግቢው የተሸጠ ነው፤ ግቢው በታቡ፣ ማለትም በመሬት መዝገቡ፣ በባለቤቱ ስም ሰፍሯል። እንዲህ ላለው የባለቤቱ ፈቃድ ይበቃል። አብዛኛው ግን እ.ኤ.አ. በ1969 በወጣው የመሬት ሕግ መሠረት የሕንጻው የጋራ ንብረት ነው፤ የሁሉም አፓርታማ ባለቤቶች ድርሻ አለበት፤ የሚያስተዳድረውም ቫአድ ባይት፣ የነዋሪዎቹ ኮሚቴ፣ ነው። እማማ ተክለውታል፣ ኮትኩተውታል፣ ከማንም በላይ ያውቁታል፤ መሬቱ ግን የሦስተኛ ፎቁም ሰው ነው። ሕንጻው የአሚዳር ወይም የሌላ የመንግሥት ቤቶች ኩባንያ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ ሌላ ነው።

ይህን ማወቁ ለጎብኚው ምን ያደርግለታል? ለሁለትና ለሦስት ሰው የቡና ጉብኝት ምንም አይደለም። አሥራ አምስት ሰው ይዞ መምጣት ግን ሌላ ነው፤ ያኔ ለቫአድ ባይቱ ቀድሞ መንገር ይገባል። ጎረቤት «ይህ ሁሉ ሰው ከየት መጣ?» ብሎ ሲያጉረመርም፣ ወቀሳው የሚወድቀው በእንግዳው ላይ ሳይሆን ጓሮውን በሚኮተኩቱት አዛውንት ላይ ነው። በጋራ መሬት ላይ መትከል ከጎረቤት ጋር የሚያጨቃጭቅባቸው ሕንጻዎች ስላሉ፣ እንግዳ የነበረውን ቁርሾ እንዳይቀሰቅስ ይጠንቀቅ።

ሰው ፈልጉ፣ አድራሻ አትፈልጉ

እነዚህ ጓሮዎች በስልክ መተግበሪያ አይገኙም፤ ቢገኙም ጥሩ አይሆንም ነበር። የሚገኙት በሰው ነው። የተሻለው መንገድ የአዛውንቶች ሞአዶን ነው፤ ጠዋት ጠዋት ተሰብስበው የሚውሉበት ቤት። አስተባባሪውን ወይም አስተባባሪዋን አግኝተው «ጓሮ የሚወዱ እናት ወይም አባት አሉ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ስም ነው። ሁለተኛው መንገድ ጸሎት ቤቱ ነው፤ ቄሱ ማን ምን እንደሚተክል ያውቃሉ። ሦስተኛው ልጆች ናቸው፤ ዕብራይስጡንም አማርኛውንም የሚያውቅ የልጅ ልጅ ከሁሉ የሚሻል አስጎብኚ ነው፤ ለእርሱም ወይም ለእርሷ ያ ቀን ሌላ ትምህርት ይሆናል። ከአዛውንቶቹ መካከል ትግርኛ ተናጋሪዎች እንዳሉም አይርሱ፤ አማርኛ ሁሉን በር ይከፍታል ብሎ መገመት ስሕተት ነው።

ቀኑን ሲመርጡ ቅዳሜ አይሆንም። ሰንበት ነው፤ ተክል አይቀጠፍም፣ ብዙ ቤት ፎቶ አይነሳም፣ ባቡርም የለም። ዓርብ ከቀትር በኋላም እናቶች ለሰንበት ሲጣደፉ ነው የሚገኙት። ከእሑድ እስከ ሐሙስ፣ ጠዋት ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ቢሄዱ ይመረጣል፤ በሙቀቱ ወራት ደግሞ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ። በባቡር ለሚመጣ ለደቡብ ሰፈሮች የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተው ነታኒያ ሳፒር ጣቢያ ነው፤ ለመሐል ከተማ ነታኒያ ጣቢያ ይሻላል።

ከደረሱ በኋላ አጥሩ ክፍት ቢሆንም አይግቡ። ውጭ ቆመው «ቤቶች!» ብለው ይጣሩ። የሚመልስ ሰው እስኪመጣ ይጠብቁ። ሲመጡ ቆብዎን ያንሱ፣ ጎንበስ ብለው ሰላምታ ይስጡ፣ «እማማ» ወይም «አባባ» ይበሉ፤ በመጀመሪያ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ልጅ ልጆቻቸው ይጠይቁ። ስለ ጓሮው ወዲያው አይጠይቁ። እርሳቸው ራሳቸው ያመጡታል፤ «ና እስቲ ይህን እይ» እስኪሉ ቢታገሱ፣ ከዚያ በኋላ የሚያሳዩት ነገር ሌላ ነው።

ውስጥ ሲገቡ

ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው በቆርቆሮው ላይ ነው። የወይራ ፍሬ የነበረበት ትልቅ ጣሳ፣ የቀለም ባልዲ፣ የተጣለ የሕፃን ገላ መታጠቢያ ሳይቀር አፈር ተሞልቶበታል። በአጥሩ ሥር ጥቁር ቀጭን ቱቦ ተጋድሞ በየእርምጃው ጠብ ጠብ ይላል፤ ታፍታፎት ነው። በኔጌቭ ያለው ኪቡጽ ሐጸሪም እ.ኤ.አ. በ1965 ወደ ፋብሪካ ያስገባው የጠብታ መስኖ ዛሬ እዚህ ለድንብላልና ለጎመን ያገለግላል። ከግንቦት እስከ መስከረም ዝናብ እምብዛም በማይታይበት አገር ያለዚህ ቱቦ ጓሮ የሚባል ነገር አይታሰብም። ከዚያ ተክሉ በየተራ ይታያል፦ ቅጠሉ አመድማ አረንጓዴ የሆነው ጤና አዳም፣ በሶብላው፣ አሪቲው፣ ለቅቤ ማንጠሪያ የሚሆነው ኮሰረት፣ ከወገብ በላይ የወጣ ጎመን፣ ቀይ ሚጥሚጣ፤ ዕድለኛ ከሆኑ ለጠላ የሚሆን ጌሾ። በመሐሉ የአገሩ ተክል አለ፤ ሎሚ፣ ሮማን፣ ዘይቱን፣ በዕብራይስጥ ሼሴቅ የሚሉት ወሽመላ። ሁለቱ አገሮች በአንድ አጥር ውስጥ ተሰናስለዋል።

ጤና አዳምን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ ይያዝ። ለቡናም ለመድኃኒትም የሚወደድ ቢሆንም፣ ጭማቂው ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፤ ውሃ የቋጠረ ቁስል የሚያወጣበት ሰው አለ። በእጅ አሽተው ካሸተቱ በኋላ ይታጠቡ፤ ሕፃናትን ደግሞ በፀሐይ ከሱ ጋር አያጫውቱ።

ጫማው ሽፍን ይሁን። በሻሮን ሜዳ ጼፋ የሚባለው መርዘኛ እባብ በሙቀቱ ወራት በሰው ግቢም ይገኛል፤ የተከመረ እንጨትና ድንጋይ ሥር እጅ አይስደዱ። ቢነድፍ የሚደወለው 101 ነው። ውሃ ሲጠማዎት ከባለቤቱ ይጠይቁ እንጂ ያገኙትን ቧንቧ አይክፈቱ፤ በእስራኤል ወይን ጠጅ ቀለም የተቀባ ቱቦና ቧንቧ የተጣራ የፍሳሽ ውሃ ምልክት ነው፣ ለመስኖ እንጂ ለመጠጥ አይደለም። በግል ጓሮ እምብዛም አያጋጥምም፤ በየመናፈሻውና በየእርሻው ግን ብዙ ነው።

ፎቶ ሲያነሱ አስፈቅደው ያንሱ። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የግል ሕይወት ጥበቃ ሕግ ሰውን በግል ግቢው ያለ ፈቃዱ ማንሳትን ይከለክላል። ከሕጉም በላይ ጉዳዩ የአክብሮት ነው። እናት ነጠላቸውን እስኪያስተካክሉ ይጠብቁ፤ የቤቱን ቁጥርና የመንገዱን ስም ከምስሉ ያውጡ፤ ወደ ማኅበራዊ መገናኛ የሚወጣ ከሆነ ይህንኑ በግልጽ ይንገሯቸው።

ያልተሰጠዎትን አይቅጠፉ። ቢሰጥዎት ደግሞ እምቢ አይበሉ። ስለ ፍሬ ግን የሃይማኖቱ ሥርዓት የራሱ ሕግ አለው፤ ዛፍ ከተተከለ ገና ሦስት ዓመት ያልሞላው ከሆነ ፍሬው «ዖርላ» ነውና አይበላም፤ ስለዚህ «ለምን አላቀመሱንም?» ብለው አይታዘቡ። በሌላ በኩል በየሰባት ዓመቱ የሚመጣው ሽሚታ አለ፤ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. ከ2021 መስከረም እስከ 2022 መስከረም ነበር፤ ቀጣዩ በ2028 መስከረም ይጀምራል። በዚያ ዓመት በሕጉ መሠረት የግል ዛፍ ፍሬ ለሁሉ የተተወ ነው፤ ባለቤቱም አንድ እንግዳ እንኳ እንዳይቀጥፍ በሩን መዝጋት አይገባውም። ጥንቃቄ የሚያደርግ ጎብኚ ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ይጠይቃል።

ቡናው ይመጣል። አቦል ጠጥቶ መነሳት አይሆንም፤ ጊዜውን ሲያቅዱ ለቶናውና ለበረካው ጭምር ያስቡ፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት።

ወቅቱን መምረጥ

ብርቱካን ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ነው፤ አበባው በመጋቢትና በሚያዝያ ሰፈሩን ያውዳል። ወሽመላ በሚያዝያና በግንቦት፣ ዘይቱን በመጸው ይበስላል። ቅጠላ ቅጠሉ በዝናቡ ወራት ያምራል፤ በሶብላና ቃሪያ ግን ሙቀት ይወዳሉ። በዓል ከታሰበ ቱ ቢሽቫት፣ በጥር ወይም በየካቲት የሚውለው የዛፎች አዲስ ዓመት፣ ከሁሉ የተመቸው ነው፤ ያኔ የአይሪሱ ጥብቅ ስፍራም ያብባልና ጠዋቱን እዚያ፣ ከሰዓቱን በጓሮ ማሳለፍ ይቻላል። አይሪሱን ግን አይንኩ፤ በእስራኤል የባሕር ጠረፍ ብቻ የሚገኝ፣ በሕግ የተጠበቀ አበባ ነው።

ስጦታ

ባዶ እጅ አይሄድም። ቡና፣ ስኳር፣ ዳቦ ሁልጊዜ ይሆናል። ከዚያ የሚሻለው ችግኝ ነው። በሻሮን መንገዶች ዳር ሚሽታላ፣ የችግኝ መሸጫ፣ ሞልቷል፤ አንድ ሮማን ወይም ሎሚ ይዘው ቢሄዱ ለዓመታት የሚታወሱ እንግዳ ይሆናሉ። ከኢትዮጵያ ዘር ወይም ግንጣይ በሻንጣ ይዞ መምጣት ግን ያለ ግብርና ሚኒስቴር ፈቃድ አይፈቀድም፤ የጌሾ ችግኝ ላምጣልዎት ብለው ቃል አይግቡ። እዚሁ አገር ከጓሮ ወደ ጓሮ የሚተላለፍ ግንጣይ አለ፤ እርሱን ይጠይቁ። አንዲት ቅርንጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልላ ከነታኒያ ወደ ረሖቮት ወይም ወደ አሽዶድ ስትሄድ፣ ጓሮውም አብሮ ይበዛል።

ወዳጅ ዘመድ የሌለው ሰው ተስፋ አይቁረጥ። ከነታኒያ በስተ ምሥራቅ በዔሜቅ ሔፈር በኪቡጽ ባሐን ዩቶፒያ የሚባል የኦርኪድ መናፈሻ አለ፤ ትኬት ቆርጦ መግባት ነው። በቃዲማ ጾራን አካባቢ በዝናቡ ወራት ገበሬዎች ማሳቸውን ከፍተው ጎብኚው እንጆሪ በእጁ እንዲለቅም ያደርጋሉ። ሚሽታላ መጎብኘትም ያለ ክፍያ ነው። ሦስቱም ደስ ይላሉ፤ የእማማን ጓሮ ግን አይተኩም።

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1927 609 የግል ጓሮዎች ለሕዝብ ተከፍተው ነበር። መግቢያው አንድ ሽልንግ፣ በመጀመሪያው ዓመት የተሰበሰበው 8,191 ፓውንድ፣ ገንዘቡም ለየሰፈሩ ነርሶች የሚውል ነበር። እንቅስቃሴው እስከ ዛሬ አለ። በነታኒያም ሰፈሩ ራሱ ቢያዘጋጀው፣ በዓመት አንድ ቀን አሥር ጓሮ ቢከፈት፣ ገንዘቡም ለአዛውንቶቹ ሞአዶን ቢውል ይቻላል። አዘጋጆቹ ግን የሰፈሩ ሰዎች ይሁኑ፤ ጓሮው የውጭ ሰው ዝግጅት ማስጌጫ ሲሆን ባለቤቶቹ ተመልካች ሆነው ይቀራሉ።

የሚፈርስ ሕንጻ ካለ

ይህ ሁሉ እንዳለ የሚቆይ አይደለም። ጓሮዎቹ ያሉት በአሮጌ ሕንጻዎች ጀርባ ነው፤ አሮጌ ሕንጻ ደግሞ ፒኑይ ቢኑይ የሚሉት የማፍረስና መልሶ የመገንባት ሥራ ዕጩ ነው። አዲስ ቤት፣ ሊፍት፣ የሮኬት መጠለያ ክፍል ማግኘት ለአዛውንቶቹ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም «ጓሮው ይቅርልኝ» ብሎ ያንን አይከለክላቸውም። ሆኖም በአዲሱ ሕንጻ ሥር የሚሠራው የመኪና ማቆሚያ ከሆነ ጎመኑ ቦታ የለውም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሕንጻ ሲጎበኙ ሁለት ነገር ይዘው ይሂዱ፤ ማስታወሻ ደብተርና የሜትር ገመድ። ከእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1926 የመጣው የደን ደንብ በግል ግቢ ያለ ዛፍ ላይም ይሠራል፤ የተጠበቀ ዛፍ ለመቁረጥ የደን ሹሙ ፈቃድ ያስፈልጋል። በፕላን ሕጉ ደግሞ ቁመቱ 2 ሜትር የደረሰ፣ ከመሬት 1.30 ሜትር ላይ ሲለካ የግንዱ ዲያሜትር ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር የሆነ ዛፍ በሳል ዛፍ ነው፤ ግንባታ ሲታቀድ በሰነዱ ላይ መመዝገብ አለበት። የቤቱ ሰዎች ከፈቀዱ ግንዱን አብረው ይለኩ፣ የት እንደቆመ በወረቀት ይንደፉ፣ ፎቶውን ያንሱ፣ ቅጂውን ለቫአድ ባይቱ ይስጡ። የዕቅድ ስብሰባ ሲጠራ አዛውንቶቹ ወይም ልጆቻቸው ያንን ወረቀት ይዘው፣ ዛፉ እንዲቆይ ወይም ተነቅሎ እንዲዛወር፣ በአዲሱ ግቢም ለአትክልት የሚሆን መሬት በዕቅዱ እንዲገባ መጠየቅ ይችላሉ። ይህን መጠየቅ የሚገባው ፊርማ ከመፈረሙ በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ ኮንትራክተሩ የሚያየው ውሉን ብቻ ነው። ለቅጠላ ቅጠሉ ደግሞ አፍራሹ ማሽን ከመግባቱ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በተቻለ በዝናቡ ወራት፣ የጤና አዳሙንና የኮሰረቱን ግንጣይ በጣሳ ተክሎ ለጎረቤት ማከፋፈል ይሻላል።